ማንን አሸበረ?

መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን ከአሸባሪ ድርጅቶች ዝርዝር ሰረዘ። በማግስቱ የድርጅቱ ከፍተኛ አመራር የነበሩት አቶ ጌታቸው ረዳ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ጦርነትን ያስቆመ ስምምነት ወደ ሥራ የሚገባው እንዲህ ስለሆነ በውሳኔው ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሁለት ዓመታት ገደማ ነው። ምክር ቤቱ ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ድርጅቱን በአሸባሪነት ከሰየመ በኋላ «አሸባሪው» የሚለው ቃል ከስሙ ፊት እየቀደመ በዜና፣ በመግለጫና በጋዜጣ ርዕስ ሲነበብ ኖረ፤ ከዚያ በአንድ የድምፅ ቆጠራ ቀረ። ቃሉ የተሰጠው ለተፈጸመ ድርጊት ከነበረ፣ ድርጊት በድምፅ ብልጫ አይሻርም። በማይካድራ፣ በአክሱም፣ በጭና ወይም በቆቦ ቤተሰቡን የቀበረ ሰው፣ ገዳዩ የየትኛውም ወገን ታጣቂ ይሁን፣ የደረሰበት ነገር ከምክር ቤቱ ውሳኔ በፊትም በኋላም ያው ነው። እንግዲያው በእነዚያ ዓመታት ቃሉ ስለ ተሸበሩት ሰዎች እምብዛም የነገረን ነገር አልነበረም። የምሞግተው «አሸባሪ» የሚለው ስያሜ እንደ ማዕረግ በስም ላይ መለጠፉ ቀርቶ ወደ ግሥነቱ እንዲመለስ፣ ማለትም ማን፣ ማንን፣ በምን እንዳሸበረ ሳይጠቀስ ቃሉ ብቻውን እንዳይነገር ነው።

አማርኛ ፍርሃትን የሚገልጽበት ቃል አያጣም። ሰው ይፈራል፣ ይደነግጣል፣ ይርዳል፣ ይርበተበታል፣ ይሸማቀቃል። ሌላውን ያስፈራራል፣ ይዝትበታል። «ማሸበር» ከእነዚህ የሚለየው በዋናነት የብዙ ሰው ነገር በመሆኑ ነው። ገበያ ይሸበራል፣ ከተማ ይሸበራል፣ ሕዝብ ይሸበራል። ዛቻ ከአንድ አፍ ወጥቶ አንድ ጆሮ ሊደርስ ይችላል፤ ሽብር ግን ጥይቱ ያልነካውን ሰው፣ ስሙ ያልተጠራውን ሰው፣ ሦስት ቀበሌ አልፎ የሚኖረውን ሰው ጭምር ይይዛል። የሚፈልገውም ያንን ነው። ሌላው ልዩነት በሰዋስው ውስጥ አለ። «አሸበረ» ተሻጋሪ ግሥ ስለሆነ ተሳቢ ይሻል፤ «አሸበረ» ብሎ ያቆመ ተናጋሪ «ማንን?» መባሉ አይቀርም። የኳስ ዘጋቢ እንኳ አንድን አጥቂ ሲያደንቅ «ተከላካዮችን አሸበረ» ይላል እንጂ ተሳቢውን አይጥልም። «አሸባሪ» የሚለው የአድራጊ ስም ግን ያለ ተሳቢ መቆም ይችላል። «ሽብርተኛ» ከዚያም ይርቃል፤ ቅጥያው እንደ «በሽተኛ» እና «ወንጀለኛ» ሁሉ ነገሩን የሰውዬው መለያ ያደርገዋል። ከግሡ ወደ ስሙ በራቅን ቁጥር የተሸበረው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ እየወጣ፣ ስሙን የሰጠው አካል ብቻ እየቀረ ይሄዳል።

ዛሬ ቃሉን ስንሰማ በመንግሥት ላይ የተነሣ ቡድን ቀድሞ ይታየናል። የቃሉ የፖለቲካ ታሪክ ግን የተጀመረው በቤተ መንግሥት በኩል ነው፤ ያውም በኩራት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1793 በፓሪስ የፈረንሳይ አብዮት ጉባኤ ሽብር የዕለቱ አጀንዳ እንዲሆን ሲጠየቅ፣ ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ሮቤስፒየርም በየካቲት 1794 ሽብርን ከመልካም ምግባር ጋር አጣምሮ ሲሰብክ ቃሉ ስድብ አልነበረም። በይፋ የተቆጠሩት የሞት ቅጣቶች ብቻ 17,000 ገደማ ደረሱ። ሮቤስፒየር በሐምሌ ወር መጨረሻ ራሱ አንገቱን ከተቀላ በኋላ ነው ቃሉ ተገልብጦ የእሱን ሰዎች መወንጀያ የሆነው፤ የፈረንሳይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1798 ሲመዘግበውም የአገዛዝ ሥርዓት ስም አድርጎ ነው። ቦልሼቪኮች እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1918 ቀይ ሽብርን በመንግሥት ድንጋጌ አወጁ። ስሙ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ ነው። ደርግ «ቀይ ሽብር» የሚለውን ስም ጠላቶቹ ለጥፈውበት አልነበረም፤ ራሱ መርጦ በመፈክር አሰማው፣ «ይፋፋም» አለው። የተቃዋሚውን የከተማ ግድያ ደግሞ «ነጭ ሽብር» ብሎ ሰየመ። ይህን ታሪክ የማነሣው፣ ሽብር የሚባለው መንግሥት የሌላቸው ሰዎች የሚፈጽሙት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በቅርቡ የመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው። የቃሉን ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የሆነ ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ወሰን አያገኝበትም።

የቀይ ሽብር ዘመን ስለ ቃሉ ትርጉም ከማንኛውም መዝገበ ቃላት በላይ ያስተምራል። በመስከረም 1969 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ በዚያው ሰሞን ደርግን ይደግፍ የነበረው የመኢሶን ድርጅት አባል ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ። ደርግን የሚቃወመው ኢሕአፓ በከተማ የትጥቅ እርምጃው የቀበሌ ሹማምንትንና የመኢሶን አባላትን ገደለ፤ ይህም በሟቾቹና በቤተሰቦቻቸው ዘንድ ስሙ ሽብር እንጂ ሌላ አይደለም፣ በኋላ የመጣው የመንግሥት ግፍ ስለበለጠ ብቻ ሊዘለል አይገባውም። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እየወረወረ ከሰበረ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በሜይ ዴይ ዋዜማ በአዲስ አበባ በርካታ ወጣቶች ተረሸኑ። አስከሬን በየመንገዱ ተጣለ፤ አንዳንዱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ለቅሶ ተከለከለ። ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ ተባሉ። ለመግደል ብቻ የፈለገ ኃይል አስከሬን በመንገድ ላይ ማሳደር አያስፈልገውም፤ ለቅሶ መከልከልም አያስፈልገውም። መንገድ ላይ የተጣለው አስከሬን የተቀመጠው ጠዋት ወደ ሥራ ለሚሄደው ሰው ነው። ለቅሶ የተከለከለው ጎረቤት እንዲፈራ ነው። ሽብርን ከግድያ የሚለየው ይህ ሁለተኛ ሰው፣ የሚያየው ሰው ነው፤ ማሸበር በእሱ ላይ የሚፈጸም ድርጊት ነው። በልጇ አስከሬን አጠገብ አታልቅሺ የተባለች እናት ያልቀመሰችው ጥይት ምን እንዳደረጋት ካልተነገረ ስለ ቀይ ሽብር ምንም አልተነገረም።

የዚያ ዘመን ፍርድም ልብ ሊባል ይገባዋል። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ የተባሉት በዘር ማጥፋት ወንጀል ነበር፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችንም ያካትት ስለነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ክስ የሟቾችን ስም ዘርዝሯል። በአገራችን ታሪክ በሽብር ላይ የተሰጠው ትልቁ ፍርድ የቆመው በተጎጂዎች ስም ላይ ነው፤ «አሸባሪ» የሚለው መጠሪያ አላስፈለገውም።

ከዚያ ወዲህ የሄድንበት መንገድ ተቃራኒ ነው። አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሽብርን የመቆጣጠር ዓላማ ይዞ ወጣ፤ ነገር ግን አንቀጽ 6 የሽብር ድርጊትን ያበረታታል ተብሎ ሊወሰድ የሚችል ጽሑፍ ያተመውን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የተሸበረ ሰው መገኘት አልነበረበትም። አንባቢ ሊረዳው የሚችለው ነገር፣ ዳኛ የሚገምተው ነገር በቂ ነበር። ውጤቱ የታወቀ ነው። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2004 18 ዓመት ተፈረደበት፤ ርዕዮት ዓለሙ 14 ዓመት ተፈርዶባት በይግባኝ ወደ 5 ተቀነሰላት። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ ኮምፒውተርንና የመልእክት ልውውጥን ከስለላ ለመጠበቅ የሚያስችል ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር፤ የሽብር ክሱ ለአንዳንዶቹ ተነሥቶ፣ ለሌሎቹ በፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ ወጡ። በእነዚህ መዝገቦች ላይ «ማንን አሸበሩ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የአንድ መንደር፣ የአንድ ገበያ፣ የአንድ ቤተሰብ ስም አላገኘም። ሰኔ 11 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በምክር ቤት ቀርበው እስረኛን ማሰቃየትና ጨለማ ቤት ማስገባት የመንግሥት የራሱ የአሸባሪነት ተግባር እንደነበር ተናገሩ። በዚያ ቀን ቃሉ ለአፍታ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አድራጊው ተጠቀሰ፣ የተደረገበት ሰውም ተጠቀሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 28፣ በ2003 በአሸባሪነት የተሰየሙት ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ከዝርዝሩ ወጡ። የግንቦት 7 መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ለእሳቸውም ለአገሪቱም ደግ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቃሉ ግን የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ቃሉ የሚለካው በድርጊት አልነበረም።

መመዘኛዬን ለራሱ በሚከብደው ጉዳይ መፈተን ተገቢ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ በጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። አንድ የውጭ አገር ሰው ታሪኩን ሳያውቅ «በሕዝብ ሥነ ሥርዓት ላይ ቦምብ ተወረወረ» የሚል ዜና ቢያነብ አሸባሪ ሊላቸው ይችላል። ለእኛ ግን በስድስት ኪሎ ሐውልት ያቆምንለት ቀን ነው። ታዲያ ልዩነቱ ወገናችን ስለሆኑ ብቻ ነው? አይደለም። ማንን ለማስፈራት ነው የተወረወረው ብለን ስንጠይቅ መልሱ አገር የያዘው እንደራሴና መኮንኖቹ ናቸው። እርግጥ በፍንጣሪው አቡነ ቄርሎስን ጨምሮ ያልታሰቡ ሰዎችም ቆስለዋል፤ ይህ መነገር አለበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ያደረጉትን ግን በዚሁ ጥያቄ ስንመዝነው መልሱ ሌላ ነው። ቤት ሲያቃጥሉ፣ መንገደኛን በአካፋና በዶማ ሲገድሉ ወራሪዎቹ ቦምብ የወረወረውን ሰው እየፈለጉ አልነበረም። በግንቦት በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትንና ዲያቆናትን ሲረሽኑም እንዲሁ። የሞቱት ሰዎች የተገደሉት ያልሞቱት እንዲፈሩ ነው። ጣሊያኖች ግን በዚያን ጊዜ በጻፉት አርበኛውን «ሽፍታ» እና «አማፂ» አሉት፤ ራሳቸውን ሥርዓት አስከባሪ። በስያሜ ብቻ ከሄድን በወቅቱ ማተሚያ ቤቱ በእጁ የነበረው ያሸንፋል። በድርጊቱና በተደረገበት ሰው ከሄድን ግን ከ80 ዓመት በኋላም ፍርዱ አይናወጥም።

«ሕግ ስም ያስፈልገዋል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ባንክ ገንዘብ ለመያዝ፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት ዝርዝር ይፈልጋሉ፤ ሌሎች አገሮችም ዝርዝር አላቸው። እኔም ሕጉ ይቅር አላልኩም። እንዲያውም አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ከቀደመው በብዙ ይሻላል፤ ትርጉሙ የሚጀምረው ሕዝብን ወይም የኅብረተሰብ ክፍልን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ በማሰብ ከሚፈጸም ድርጊት ነው፣ ድርጊቶቹንም ይዘረዝራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ ትርጉም ጎን የተቀመጠው ስያሜ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አቅራቢነት፣ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚወሰን በመሆኑ ነው። ስም መስጠትም መንሣትም በፖለቲካ ተቋማት እጅ እስካለ ድረስ ስሙ ከፖለቲካው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የዓለም ልምድም ከዚህ አይርቅም። የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው ኮሚቴ ሁሉን አቀፍ የፀረ ሽብር ስምምነት ለማርቀቅ ተቀምጦ እስካሁን አልጨረሰም፤ ከሚያጣሉት ጉዳዮች ዋነኞቹ የነጻነት ታጋዮችና የመንግሥት ጦር በትርጉሙ ውስጥ ይግቡ አይግቡ የሚሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ አገራቸውን በፕሬዚዳንትነት መርተው ከጨረሱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ፣ ከአሜሪካ የሽብር መከታተያ ዝርዝር አልወጡም ነበር። ዝርዝር ለአስተዳደር ሥራ ይጠቅም ይሆናል፤ የቋንቋችን ትርጉም ግን በዝርዝር ላይ ሊመሠረት አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከተጎጂዎች በኩል የሚመጣው ነው። «ወገኖቼን ያረደውን ሰው አሸባሪ ካላላችሁት እያለሳለሳችሁት ነው» የሚል ሰው መልስ ይገባዋል። በሚያዝያ 2007 አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ በፊልም ሲያሰራጭ ቃሉ በሙሉ ትርጉሙ ይሠራል፤ ፊልሙ የተቀረጸው እንዲታይ፣ የታየውም በባሕር ዳርቻውና በበረሃው የቀረው ስደተኛና በአዲስ አበባ ያለችው እናቱ እንዲሸበሩ ነው። እንዲህ ሲባል ቃሉ ይከብዳል እንጂ አይለሳለስም። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተጨፈጨፉ። መንግሥት ሸኔ የሚለውን ታጣቂ ከሰሰ፤ ታጣቂው አስተባበለ። በብዙ ርዕሶች ላይ በትልቁ የተጻፈው «አሸባሪው ሸኔ» የሚለው ነበር። ሟቾቹ ግን ብዙ ጊዜ «ንጹሐን ዜጎች» ተብለው ታለፉ፤ ስንት ሴቶች፣ ስንት ሕፃናት፣ የየትኛው መንደር፣ የተረፉት የት ሸሹ የሚለውን አንባቢ ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። ስያሜው ለሟቾቹ ክብር አልጨመረም። ይልቁንም የዘገባውን ሥራ የሠራ አስመስሎ ቦታቸውን ያዘ። የቶሌ ሰው የሚጠይቀው ገዳዩ ምን ተባለ የሚለውን ብቻ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም፤ የተገደለብኝ ሰው ተቆጥሯል ወይ፣ እኔስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ወይ የሚለውም ነው።

በጦርነት ጊዜ ወገን መለየት ግድ ነው የሚሉም አሉ፤ አገር ስትወጋ የአገር ጋዜጣ ገለልተኛ ነኝ ማለት አይችልም ይላሉ። ስሜቱን እረዳዋለሁ። ነገር ግን ስም ላይ የተለጠፈ ቃል ድርጅቱ ላይ ብቻ አይቆምም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአዲስ አበባ የትግራይ ተወላጆች በብዛት ሲታሰሩ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ስጋቱን ገልጾ ነበር። ግሥ ይህን ያህል አይሰፋም፤ «እነ እገሌ በዚህ ቀን በዚህ ከተማ ነዋሪውን አሸበሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር እነ እገሌን ብቻ ይይዛል፣ ጎረቤታቸውን፣ አጎታቸውን፣ ቋንቋቸውን የሚናገረውን የሱቅ ሠራተኛ አይነካም። «አሸባሪው» ግን ጠባይን የሚናገር ስለሆነ ወደ ዘመድ፣ ወደ መታወቂያ፣ ወደ አነጋገር ዘዬ ይሻገራል። በዚያ ኅዳር ቤቱ እየተንኳኳ የተወሰደው ሰው ቤተሰብም ተሸብሯል፤ መዝገቡ የእነሱንም ፍርሃት መያዝ አለበት። አገሩን የሚወድ ጋዜጠኛ ጠላት የፈጸመውን በዝርዝር ቢጽፍ ከማንኛውም ቅጽል የበለጠ ያስረዳል፤ ያ ዘገባ ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። ቅጽሉ በአንድ ቀን ተነሥቶ የሄደ ነገር ነው፤ ለፍርድ ቤትም ለታሪክ ጸሐፊም የሚሆን ምንም አልተወም።

በሚያዝያ 2016 መንግሥት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ያ ሥራ ከልብ ከተሠራ የሚያስፈልገው የምስክር ቃል ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ማን ላይ ምን አደረገ የሚል። የተወካዮች ምክር ቤትም ከእንግዲህ ማንንም ድርጅት ወደ ዝርዝሩ ሲያስገባ ወይም ከዝርዝሩ ሲያወጣ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የተጎዱትን ሰዎች በአደባባይ ቢሰማ የስያሜው ክብር ይመለስ ነበር፤ እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። ጋዜጦችና የዜና ክፍሎች ግን ምክር ቤቱን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። አዘጋጆች «አሸባሪ» የሚለውን ቃል ከተናጋሪው አፍ ሲጠቅሱ ብቻ ይጠቀሙበት፤ በራሳቸው ድምፅ ሲጽፉ ድርጊቱን፣ ቦታውንና የተጎዳውን ሕዝብ ይጻፉ። ይህን ከነገው እትማቸው ጀምሮ ማድረግ ይችላሉ።